ገደሉን በክንድ ለለኩልን የመንዝ መንገድ መሪ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ባለፈው ኅዳር ወር እኔንና ሦስት ጓደኞቼን ወደ መንዝ ምሥራቃዊ አፋፍ ወስደው፣ ለወራት ስናልመው የነበረውን ገደል በሰላም ወርደን በሰላም እንድንወጣ ያደረጉንን መንገድ መሪ በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም ወደዚያ ለመሄድ ለምታስቡ ሁሉ እርሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እኛ በምንጠራቸው መሠረት ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ብዙ ሰው መንገድ መሪ ሲባል ፊት ፊት እየሄደ ቦታ የሚያሳይ ሰው ይመስለዋል። የጋሼ ሥራ ግን በአብዛኛው ያለቀው ገመዳችንን ከመዘርጋታችን በፊት ነው፤ የማመሰግናቸውም በዋናነት ለዚያ ነው።

አራታችንም የደብረ ብርሃን ነዋሪዎች ነን። በገመድ ገደል መውጣትና መውረድን በሥልጠና የተማርን ብንሆንም፣ ልምዳችን በሙሉ መኪና እስከ ሥራቸው በሚደርስባቸው አጫጭር ቋጥኞች ላይ የተገኘ ነበር። በፊተኛው ዓመት ወደዚሁ አፋፍ ለመሄድ ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ቀብድ ከፍለን ነበር። ገደሉ ከመኪና መንገድ የግማሽ ሰዓት እርምጃ ነው ተብለን ዕቃችንን ተሸክመን ብንነሳ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ተጉዘን አፋፉ ላይ የደረስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ጉሙ ከቆላው ወጥቶ አምስት እርምጃ ርቆ ያለ ሰው እንኳ አይታይም ነበር። ገመዳችንን ከቦርሳ ሳናወጣ ተመለስን። ያንን ቀን ያስታወስኩት ቅሬታዬን ለማደስ ሳይሆን፣ ቦታውን ረግጦት የማያውቅ ሰው ያወጣው ዕቅድ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ያየሁት ያኔ ስለሆነ ነው።

ጋሼን ያገኘናቸው በመሐል ሜዳ ገበያ በበቅሎ ጭነት የሚተዳደር አንድ ወጣት ጠቁሞን ነው። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ ገበሬ ናቸው። በልጅነታቸው በዚያ ገደል አናት ከብት ሲጠብቁ ስላደጉ እያንዳንዱን እርከንና የፍየል መንገድ ያውቁታል። በመጀመሪያው የስልክ ንግግራችን ዋጋ ጠየቅናቸው፤ እርሳቸው ግን ዋጋውን ወደ ኋላ ትተው ጥያቄ መጠየቅ ጀመሩ። ስንት ሰው ናችሁ? ዕቃችሁ ስንት ኪሎ ነው? ገመዳችሁ ስንት ነው፣ ርዝመቱስ? ከመካከላችሁ የልብ ወይም የአስም ሕመም ያለበት አለ? ቤተሰቦቻችሁ የት እንደምትሄዱ ያውቃሉ? በመጨረሻም የመንገዱን ሰላም ከመነሳታችን ከሦስት ቀን በፊት እርሳቸው ራሳቸው አጣርተው እንደሚነግሩን፣ ጥሩ ካልሆነ ግን ቀብድ እንደማይቀበሉን ነገሩን። ስልኩን ስንዘጋ አንዱ ጓደኛዬ «እኚህ ሰው ሊወስዱን ሳይሆን ሊያስቀሩን ነው የፈለጉት» አለ። ሊያስቀሩን የፈለጉት ግን እንዲሁ ከመሄድ ነበር።

ጊዜውን የመረጡት ጋሼ ናቸው። እኛ የካቲትን አስበን ነበር፤ እርሳቸው በመንዝ የካቲት የበልግ ደመና የሚጀምርበት ወር በመሆኑ እንደማያምኑት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ጨርሶ እንደማይታሰብ አስረዱን። ኅዳር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርድ የለመድን መስሎን ነበር፤ የገደሉ አናት ግን ከ3,400 ሜትር በላይ ነው። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ከቤታችን ብርድ ላይ አራት ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ ነፋስ የታከለበት ቦታ ማለት ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ ስሌት ሳይጠቅሱ «የከተማ ብርድ ልብስ አይበቃችሁም» ብለው ከቤታቸው አራት ዝተት አምጥተው ጠበቁን። በመንዝ በግ ጸጉር የተሠራውን ዝተት ለብሶ ያደረ ሰው ለምን ደጋግሜ እንደማነሳው ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኛ ገደሉን ያጠናነው በሳተላይት ምስልና በከፍታ መስመር ካርታ ነበር። ከካርታው የተረዳነው ከአፋፉ እስከ መካከለኛው ሰፊ እርከን አንድ፣ ከእርከኑ እስከ ሥሩ አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት ገደሎች እንዳሉና እያንዳንዳቸው ከ25 ሜትር እንደማይበልጡ ነው። የነበረን አንድ የ60 ሜትር ገመድ ነው። ገመዱ አናት ላይ ካለው ማሰሪያ ተዘልቆ ለሁለት ሲታጠፍ 30 ሜትር ያወርዳል፤ ከወረዱ በኋላም አንዱን ጫፍ ስቦ ገመዱን መልሶ ማግኘት ይቻላል። ስለዚህ ዕቅዳችን በወረቀት ላይ የተሟላ ይመስል ነበር። ምስሉ የተነሳው ከሰማይ በመሆኑ ቀጥ ብሎ የቆመን ገደል በጎኑ ሊያሳየን እንደማይችል፣ መስመሮቹም እንዲህ ባለ ቦታ ላይ እርስ በርስ ተደራርበው ስለሚጠፉ ግምታችን ግምት ብቻ መሆኑን ልብ አላልንም።

ጋሼ ከጉዟችን ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ከልጃቸው ጋር ወደ ገደሉ ሄዱ። በበቅሎ ላይ ጭነት የሚጠፍሩበትን የቆዳ መጫኛ ሁለቱን ቀጥለው፣ ጫፉ ላይ የጡጫ ያህል ድንጋይ አስረው ከአፋፉ ላይ ለቀቁት፤ ልጃቸው እርከኑ ላይ ቆሞ ድንጋዩ ሲነካ በፉጨት ነገራቸው። ከዚያም መጫኛውን ስበው ከክርናቸው እስከ መሐል ጣታቸው ጫፍ እየለኩ ቆጠሩት። በፍየሉ መንገድ ዞረው ወደ እርከኑ ወርደው ከዚያም ወደ ሥሩ ይህንኑ ደገሙት። ማታ ደውለው «የላይኛው ሃምሳ ክንድ ነው፤ የታችኛው ሰባ ነው፤ የናንተን ገመድ አላውቅም፣ አስቡበት» አሉኝ። አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ያህል ስለሆነ የላይኛው 25 ሜትር፣ የታችኛው 35 ሜትር መሆኑ ነው። ቆይተን ያንኑ መጫኛ በሜትር ስንለካው ልዩነቱ አንድ ሜትር እንኳ አልሞላም። ለሁለት የታጠፈው ገመዳችን 30 ሜትር፣ ገደሉ ደግሞ 35። ከሥሩ አምስት ሜትር ከፍ ብሎ በባዶ አየር ላይ ገመድ ሲያልቅ ምን ሊከተል እንደሚችል፣ በገመድ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ ከአዲስ አበባ ሁለተኛ የ60 ሜትር ገመድ ተውሰን ዕቅዱን እንደገና ጻፍነው፤ በሁለቱም ገመዶች ጫፍ ላይ ቋጠሮ መሥራትንም ግዴታ አደረግን።

ኅዳር ላይ መኪናችን ጣርማበር ዋሻው ሳይደርስ ወደ መንዝ በሚገነጠለው መንገድ ታጥፎ፣ ቀኑ ሲያዘነብል ከጋሼ ቤት ደረስን። በማግሥቱ ገደል የምንወርድ መስሎን ዕቃ ማስተካከል ስንጀምር ከለከሉን። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር የሚመክር የሕክምና መመሪያ አለ፤ እኛም አንብበነው ነበር፣ ግን የእረፍት ቀናችን ጥቂት ስለሆነ ልንዘለው ነበር። ጋሼ ያሉን «ወይፈን በተጠመደበት ዕለት ቀኑን ሙሉ አይታረስበትም» ነው። ያን ቀን በእግር እየዞርን፣ ብዙ ውኃ እየጠጣን ዋልን። አረቄ ጎረቤት ሲያቀርብልን እርሳቸው ራሳቸው በትሕትና መለሱልን። በዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ራስ ምታት የያዘው አንዱ ጓደኛችን ያቺን ቀን ባያርፍ ኖሮ በገመድ ላይ ሊታመም ይችል ነበር።

በዚያው የእረፍት ቀን አፋፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስጎበኙን። የመንዝ ገደል በአብዛኛው ከጥንት የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ የተሠራ ጥቁር ድንጋይ ነው። ቀጥ ያሉ ስንጥቆች ይበዙበታል፤ በስንጥቁ ውስጥ የገባው ውኃ በሌሊት ውርጭ ሲረጋ መጠኑ ዘጠኝ በመቶ ያህል ስለሚጨምር ድንጋዩን ከዓመት ዓመት ከግድግዳው እየፈነቀለ ያላቅቀዋል። ጋሼ ጫፉ ብረት የለበሰውን ዱላቸውን ይዘው፣ ገመድ ልናስርባቸው ያሰብናቸውን ቋጥኞች አንድ በአንድ እየመቱ ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጡ ነበር። አንዱ ሲመታ እንደ ብረት ጠበቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ሌላው ባዶ እንስራ እንደተመታ ያስተጋባል። በመጽሐፍ የተማርነውን ነገር በዱላ ሲሠሩት አየን። እኔ በዓይኔ ከሁሉ አስተማማኝ ብዬ የመረጥኩት፣ የበሬ ያህል ግዝፈት ያለው ቋጥኝ ባዶ እንስራ ሆኖ ተገኘ። ከእርሱ ሃያ እርምጃ ርቀን ሦስት የተለያዩ ማሰሪያዎችን መረጥን፤ አንዱ ቢለቅ ሁለቱ እንዲይዙ ነው። ስንጥቁን ለማጽዳት ሣሩን ልንነቅል ስንል ግን አልፈቀዱልንም። የጓሳን ሣር አያቶቻቸው ቄሮ በሚባለው የአካባቢው የጋራ ሣር አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቁት እንደኖሩ፣ ገደሉ ከጥብቁ ክልል ውጭ ቢሆንም ለእርሳቸው ልማዱ ያው እንደሆነ አስረዱን። ሣር ያለበትን ስንጥቅ ትተን ሌላ ፈለግን።

በየትኛውም ካርታ ላይ የማይገኘው ምክራቸው ደግሞ የጭላዳ ዝንጀሮዎችን ይመለከታል። ጭላዳዎች ሌሊቱን የሚያሳልፉት በገደሉ እርከኖች ላይ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቃቸው ወደ ሜዳው ሣር ይወጣሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ። በሚወጡበትና በሚወርዱበት ጊዜ ልቅ ድንጋይ ይንዳሉ። እኛ በማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ለመጀመር ነበር ያቀድነው፤ ማለትም መንጋው ከበላያችን ሆኖ ሲንቀሳቀስ ልንደርስ ነበር። ጋሼ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ማንም ገደሉ ላይ እንዳይሆን፣ ጉሙ ደግሞ ከስምንት ሰዓት በኋላ ስለሚነሳ ከዚያ በፊት ሁሉም አናት ላይ እንዲገኝ ወሰኑ። የሥራ ጊዜያችን አምስት ሰዓት ብቻ ሆነ። ስለዚህ ከአራታችን ሁለቱ ብቻ ወርደው እንዲወጡ፣ ሁለቱ በአናት ገመድ እንዲጠብቁ፣ በማግሥቱ ደግሞ እንዲቀያየሩ ተስማማን።

ለክፉ ቀን ያደረጉትን ዝግጅት ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በገደሉ ሥር የስልክ ኔትወርክ የለም፤ በአፋፉ ላይ ግን ከአንድ ትልቅ ጅብራ አጠገብ ሲቆሙ ይሠራል፤ ቦታውን ቀደም ብለው በድንጋይ ክምር ምልክት አድርገውበታል። ከመንደሩ ስድስት ወጣቶችን አነጋግረው ቃሬዛ አዘጋጅተዋል፤ አደጋ ቢደርስ በየት በኩል ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ እንደሚወጡ አብረው ሄደው አሳይተዋቸዋል፤ ከዚያ ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል የሚያደርስ መኪናም በተጠንቀቅ እንዲቆም አድርገዋል። በሁለቱም ቀን ከሥር የሚያልፉ እረኞችን እንዲያስጠነቅቅ ልጃቸውን ታች አቁመዋል። ቃሬዛው አላስፈለገም። ለወጣቶቹ ግን የውሎ አበላቸውን ከፍለናል፤ ይህንንም ገና በስልክ ስንነጋገር ያስታወቁን ጋሼ ናቸው።

ስለ ራሱ መውጣቱ ብዙ አልልም፤ እንደታቀደው ሆነ። በሁለተኛው ቀን ግን ጉሙ ከወትሮው ቀድሞ አምስት ሰዓት ላይ መነሳት ሲጀምር፣ እኔ የታችኛውን ገደል ጨርሼ እርከኑ ላይ ነበርኩ። ጋሼ ከአናት ሆነው «ልጄ፣ ዛሬ ይበቃል፣ በፍየሉ መንገድ ና» ብለው ተጣሩ። የቀረኝ 25 ሜትር ብቻ ስለነበር ቅር አለኝ። ዞሬ አፋፉ ላይ ስደርስ ግን ያወጣኛል ብዬ የነበረው ግድግዳ በጉም ተውጦ፣ እርጥበቱም ድንጋዩን እንደ ሳሙና አድርጎት አየሁ። ዝተቱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው የገብስ ቆሎ በእፍኜ ሰጡኝ።

ጋሼ ሒሳባቸው ግልጽ ነው፤ የቀን አበል፣ የበቅሎ ኪራይና አስቀድመው ገደሉን ለማየት የሚሄዱበት ቀን ለየብቻው ይነገራል፣ በመጨረሻ ላይ የሚጨመር ነገር የለም። ለእረፍቱ ቀን ተጨማሪ ልንከፍላቸው ስንል ያልሠሩበት ነው ብለው እምቢ አሉ። ለቀበሌውና በመንገዱ ላይ ላሉት ባለይዞታዎች እርሳቸው ራሳቸው ያስታውቃሉ፤ የገደሉን ስም እዚህ ያልጻፍኩትም ገበሬዎቹ እንግዳ ከሚያውቁት ሰው ጋር እንዲመጣ ስለሚመርጡ ነው። ልታገኟቸው የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። እህል በሚሰበሰብባቸው ሳምንታትና በጥምቀት ሰሞን አይገኙም። በሌላው ጊዜ ግን ቢያንስ አንድ ወር አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የገመዳችሁንም ርዝመት በትክክል ለክታችሁ ጠብቁ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው።