ቮልሳችንን ከስቱኮ ላዳኑልን ባትላሜራ ሠሪ

ባህር ዳር ውስጥ፣ ግቢው ጥግ አሮጌ መኪና ቆሞ እየዛገበት ያለ ሰው ካለ ይህችን ያንብብልኝ። አንድ ሰው ላመሰግን ነው፤ በዚያው ልጠቁማችሁ። ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣው አደራ ብለውኛል። "ሥራ ሲበዛብኝ ቀጠሮ አበላሻለሁ፤ ከሰው ጋር ያጣላኛል" ነው ምክንያታቸው። እኔም ረዳቶቻቸው እንደሚጠሯቸው "ጋሼ" እያልኩ እቀጥላለሁ። ሙያቸው ባትላሜራ ነው፤ የመኪና አካል ላሜራ ማቃናትና መበየድ። ቤታቸው ዓባይ ማዶ።

መኪናዋ የእማዬ ናት። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1970 ሞዴል ቮልስ፣ 1300 የምትባለዋ። እማዬ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ሰፈራችን ሽምብጥ ውስጥ፣ በእናቱ ሆድ እያለ በዚች መኪና ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ጥቂት አይደለም። ምጥ የያዘው ቤት ሁሉ ሌሊት የሚያንኳኳው የእኛን በር ነበር። እማዬ ጡረታ ስትወጣ ግን ቮልሷም አብራት ቤት ዋለች። ማንጎው ሥር ቆመች። መጀመሪያ ባትሪው ሞተ፣ ከዚያ ጎማው ተኛ፣ ከዚያ "ለፋሲካ እናሠራታለን፣ ለእንቁጣጣሽ እናሠራታለን" እየተባለ ክረምት በክረምት ላይ ተደረበ።

ሰዉ ሁሉ ዝገቱን በጣና ያሳብባል። "ሐይቅ ዳር እየኖራችሁ ምን ትጠብቃላችሁ?" ይሉናል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ጣና እኮ ጨው የለውም። የምጽዋንና የጅቡቲን መኪና የሚበላው የባሕር ጨው ነው። የእኛን የበላት ከላይ የወረደው ዝናብና የማንጎው ቅጠል ነው። ቅጠሉ የውሃ መውረጃዎቹን ደፈነ። የመስታወቱ ጎማ ደርቆ ተሰነጠቀ። ውሃው በዚያ ገብቶ ምንጣፉ ሥር ተኛ። በበጋ ምንጣፉን ከላይ ስትዳስሱት ደረቅ ነው፤ ገልበጥ ስታደርጉት ግን ይሸታል። ብረት ውሃና አየር ካገኘ ለመዛግ ሌላ ነገር አይፈልግም።

ከጋሼ በፊት ሌላ ባለሙያ አይቷት ነበር። ዞር ዞር ብሎ አያትና "ስቱኮ ሞልተን፣ ለቅልቀን፣ ቀለም ስንቀባት አዲስ ትሆናለች" አለን። ስቱኮ የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ልጥፍ ነው። ዋጋውም ደህና ነበር። አክስቴ እንዲያውም ቀለም መርጣ ጨርሳለች፤ ቀይ ይሁን ብላ። እንደዚያ ብናደርግ ኖሮ ውጤቱን ዛሬ አውቀዋለሁ። ከሥሩ ያልተነሳ ዝገት ስቱኮውን ከውስጥ እየገፋ ያነሳዋል። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ቀለም ኩፍ ኩፍ የሚለው ለዚህ ነው። በሁለተኛው ክረምት ወይ በሦስተኛው ልጣጩ እጃችን ላይ ይቀር ነበር።

ጋሼ የመጡ ቀን የያዙት አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ትንሽ መዶሻና ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ብቻ ነው። ማግኔቱን በጨርቅ ጠቅልለውታል፤ ቀለም እንዳይጭር። ከፊት ፓራፋንጎ፣ ከጎማው መሸፈኛ ላሜራ፣ ጀምረው ላሜራው ላይ እያስኬዱት ዞሩ። ይይዛል፣ ይይዛል፣ የግራው ኋላ ፓራፋንጎ ላይ ሲደርስ ጠብ አለና እጃቸው ላይ ወደቀ።

"እዚህ ጋ ብረት የለም፣ ሲስተር። ስቱኮ ነው።" እማዬን "ሲስተር" ነው የሚሏት፤ ነርስ ስለነበረች።

እማዬ ዝም ብላ ቆየችና "እሱስ ከጋሪ ጋር ተጋጭቼ ነው። ለአባታችሁም አልነገርኩትም" አለች። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እኛም ሳንሰማው ኖረናል። ማግኔት ስንቱን ያወጣል።

ከዚያ የኋላውን ወንበር አነሱ። ቮልስ ባትሪዋ ኮፋኖ ውስጥ አይደለም፤ ኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው የምትቀመጠው። የባትሪ አሲድና ውሃ አንድ ላይ ሲሆኑ ቀድሞ የሚያልቀው ያ ወለል ነው። ጋሼ ካቻቢቴውን ሲያስደግፉት ገባ። ሳይገፉት ማለቴ ነው። ምንጣፉ ሲነሳ ወለሉ እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቷል፤ በቀዳዳው የግቢያችን አፈር ይታያል።

እኔ በጭነት መኪና ተጭና ጋራዥ ትሂድ ባይ ነበርኩ። እሳቸው እምቢ አሉ። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ ነው የሰውየው ሙያ የገባኝ። ከበሩ ሥር፣ በግራና በቀኝ፣ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ እንደ ሳጥን የተዘጋ ብረት አለ። ይህ ብረት ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ አካሉን ከወለሉ ጋር አንድ አድርጎ ይይዛል። ሁለተኛ፣ የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ የሞቀውን አየር ወደ ፊት የሚያመጣው እሱ ነው። የእኛ በሁለቱም በኩል በስብሷል። "አሁን ተያይዛ ያለችው በልማድ ነው" አሉኝ። "ለመጫን በገመድ ከጎተታችኋት መሐሏ ይጎብጥና በሯ ዳግመኛ አይገጥምም።" ስለዚህ ሥራው ግቢያችን ውስጥ፣ ማንጎው ሥር ሆነ። ማሽኑን ረዳቶቻቸው በባጃጅ አመጡት።

የመጀመሪያው ብየዳ የወለሉ አልነበረም። በሁለቱ በሮች ክፍተት ላይ ቱቦላሬ አገዳድመው ረገጥ ረገጥ አድርገው በየዱ፤ የበሰበሰው ሲቆረጥ አካሉ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ነው። ሥራው ሲያልቅ ያ ቱቦላሬ ተቆርጦ ይጣላል። ደንበኛ አያየውም፣ ፎቶ ላይም አይወጣም። ጊዜና ብረት ይበላል። ችኩል ሠራተኛ መጀመሪያ የሚዘለው ይህን ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሰልባትዮው፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ ወርዶ ነበር። ቮልስ ላይ ቤንዚኑ ፊት ለፊት፣ ኮፋኖው ሥር ነው ያለው። ወንድሜ "ባዶ ነው እኮ፣ ምን ያደርጋል?" ሲል ጋሼ ኮስተር አሉ። "ባዶው ነው የሚፈነዳው፣ ልጄ። ሙሉውማ ይነዳል እንጂ።" ለካ አደገኛው የቀረው ትነት ነው። ሰልባትዮው ከግቢው ሌላ ጥግ ተቀመጠ፣ ባትሪው ወጣ፣ አንድ ባልዲ አሸዋ ቀረበ፣ የሰፈር ልጆች ከአጥሩ ውጭ ተደረጉ። ከዚያ በኋላ ነው እሳት የተለኮሰው።

ወለሉን በተመለከተ፣ ሙሉው ተገዝቶ ቢመጣ ይቀል ነበር። ቮልስ እስከ 2003 ድረስ ሜክሲኮ ውስጥ ሲመረት ስለቆየ፣ ጠቅላላውም ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራ ዕቃው ከዓለም አልጠፋም። ግን ከውጭ ማስመጣቱ ኪሳችንን አላማከረም። ጋሼ "1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ግዙ፣ ሌላውን ለእኔ ተዉት" አሉ። የቮልስ ወለል ጠፍጣፋ አይደለም፤ እንዳይርገበገብ ከፍ ዝቅ ያሉ መስመሮች ተረግጠውበታል። እሳቸው ከወይራ እንጨት ቅርጹን ጠርበው፣ ላሜራውን እላዩ ላይ አስተኝተው፣ በመዶሻ መስመር በመስመር አወጡት። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚሠሩት ይህን ነበር። የመብራት መጥፋት ጥቅም ያገኘሁበት ብቸኛው ጊዜ ይመስለኛል።

ብየዳውን ብታዩት ደስ ይላችኋል። አንድ ቦታ ላይ ቆመው አይጨርሱም። እዚህ አንድ ጣት ያህል፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ አንድ ጣት ያህል፣ ከዚያ መሐል። ስስ ላሜራ አንድ ቦታ ላይ ሙቀት ሲበዛበት ይጣመማል። በየመሐሉ ተነስተው በሩን ይዘጉታል። አያዩትም፤ ጆሯቸውን ነው የሚሰጡት። ድምፁ ከተቀየረ ያቆማሉ፣ ይለካሉ፣ ሲያስፈልግ የበየዱትን ይቆርጣሉ። አንድ ቀን ሙሉ የደከሙበትን የቀኝ ጎን ማታ ላይ ቆረጡት። እኔ ልቤ ቆስሏል፤ እሳቸው እጃቸውን ታጥበው ቡናቸውን ጠጡ።

ሌላ የማመሰግንባቸው ነገር የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ቮልስ ላይ ቁጥሩ የተመታው ወለሉን መሐል ለመሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ፣ ኋላ ወንበር ሥር ነው። ግራና ቀኙን ሲቀይሩ መሐሉን አልነኩትም። ቁጥሩን በሽቦ ብሩሽም አልጎዱት፤ በጨርቅና በነጭ ጋዝ ጠርገው ስስ ቀለም ብቻ ሰጡት። "ቁጥሩ ከጠፋ መኪናችሁ ቁርጥራጭ ብረት ናት" ነው ያሉት። ለቦሎ ምርመራ ስንሄድ ከሊብሬው ጋር ሲመሳከር የአደራቸው ጥቅም ታየን። የአክስቴ ቀይ ቀለምም በዚሁ ምክንያት ቀረ። ቀለም ከተቀየረ ሊብሬው ላይም ማስቀየር አለ። እማዬም የለመደችውን ሰማያዊ ነበር የምትፈልገው፤ አክስቴን ላለማስከፋት ዝም ብላ እንጂ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ርካሽ ናቸው አልላችሁም። ስቱኮ ሞልቼ እቀባለሁ ካለው ሰውዬ ጋር አይወዳደሩም። ግን ላሜራውም፣ ዲስኩም፣ ፀረ ዝገት ቀለሙም የሚገዛው እኛ ባለንበት ነው፤ ደረሰኙ በእኛ እጅ። ክፍያውን በሥራ ደረጃ ከፋፍለው ነው የሚቀበሉት። አንዱ ደረጃ ሳያልቅ የሚቀጥለውን ብር አይጠይቁም። ከመሸፈኑ በፊት ደግሞ ጠርተው ያሳያሉ። የተዘጋው ብረት ውስጥ የቀጠነ ግራሶ ሲነፉበት እንኳ "ና እይ፣ በኋላ ብትፈልግም አታየውም" ብለው በባትሪ አብርተው አሳይተውኛል።

ሞተሩን አልነኩም። "የእኔ ሙያ አይደለም" ብለው ሌላ ሰው አመጡልን። እሱም ጎበዝ ነው፣ ግን ሥራው ብዙ አልነበረም። ካርቡራተሩን አጠበ፣ ካንዴላ ቀየረ፣ ፍሬኑን አደሰ። እኛ ያለንበት 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚኑን ቀነስ አድርጎ አስተካከለው። የሰፈር ልጆች ውሃ የት እንደሚጨመር ሲጠይቁት ደግሞ ራዲያተር እንደሌላት፣ በአየር እንደምትቀዘቅዝ ማስረዳት ሰለቸው።

አሁን ደግሞ ሐቁን ልናገር፤ ምስጋና ብቻ ከሆነ ማንም አያምነኝም። ጋሼ ዝግተኛ ናቸው። ወራት ፈጅቷል። ሥራ ላይ ሳሉ ስልክ አያነሱም፤ መዶሻ ሲመቱ አይሰሙ ይሆናል፣ ሲሰሙም አያነሱም። በወር በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ብትለምኗቸውም አይሠሩም። አስተያየት የሚያበዛ ሰው አይወዱም። አጎቴ አጠገባቸው ቆሞ ሲያርማቸው መዶሻውን አቀበሉትና ሄደው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ለሠርግ ትድረስልኝ የምትሉ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ያለቀች ቀን እማዬ ራሷ ነዳች። ጋሼ አጠገቧ፣ እኔ ኋላ፣ ያ ካቻቢቴ የገባበት ቦታ ላይ ተቀምጫለሁ። 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግረን ወደ ቤዛዊት ዳገት ወጣን። ጋሼ የተናገሩት ዳገቱ መሐል ላይ "ሲስተር፣ ማርሽ ይቀንሱላት" ብቻ ነው። እማዬ ቀነሰች። "ወንድሜ፣ እጅዎ ይባረክ" ስትላቸው አልመለሱላትም፤ ጆሯቸው የበሩ ድምፅ ላይ ነበር።

ጋሼ፣ ይህን ልጆችዎ ካነበቡልዎ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የቤተሰባችን ባለውለታ ነዎት።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመደወላችሁ በፊት ምንጣፉን አውጡ፣ የኋላውን ወንበር አንሱ፣ ሊብሬውን አዘጋጁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። በክረምት የቀለም ሥራ አይቀበሉም፤ እርጥበት ቀለሙ ሥር ይቀራል ይላሉ። ብየዳውን በበጋ አስጀምሩ፤ ቀለሙ ክረምት ላይ ከደረሰባችሁ መስቀል እስኪያልፍ ጠብቁ። ከደወላችሁላቸውም ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ያኔ ያነሳሉ።