ፐርፕልኤር ፒኤ 2፦ ጭሱን ይይዛል፣ አቧራውን ያሳልፋል

ፒኤ 2 የአየር ብክለት መለኪያ ነው፤ ትልቅ ኩባያ የሚያህል ነጭ ቆብ። ውስጡ «ኤ» እና «ቢ» የተባሉ ሁለት የፕላንታወር ኩባንያ ሌዘር ቆጣሪዎች አሉ፤ በየ2 ደቂቃው የፒኤም 2.5 (አየር ላይ የሚንሳፈፉ፣ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጡ ደቃቅ ቅንጣቶች) መጠን ይልካሉ። ሁለት መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው፦ አንዱ 20 ሌላው 60 ካለ ያንን ሰዓት መጣል ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አየር ማስገቢያው ላይ ያደራ ሸረሪት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሲሰቀል አፉ ወደ ታች ይሁን፣ ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ ከማድቤት ጭስ ማውጫና ከጄኔሬተር ይራቅ። የሚሠራው በ5 ቮልት ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ፓወር ባንክ ያቆየዋል። ዋይፋዩ ግን አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሚሞሪ ካርድ ያለው ዓይነት ይሻላል።

ጥሬው ቁጥር ይጋነናል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ማረሚያ፦ ጥሬው («ሲኤፍ 1» የሚለው ዓምድ) በ0.524 ተባዝቶ፣ እርጥበቱ በመቶኛ በ0.0862 ተባዝቶ ይቀነስለታል፣ 5.75 ይደመራል። ጥሬው 80፣ እርጥበቱ 70 ከሆነ 41.6 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ ይወጣል። ቀመሩ የተሠራው በአሜሪካ አየር ነውና እዚህ ደረጃውን ከጠበቀ መለኪያ ጎን አስቀምጦ ማመሳከር ያስፈልጋል።

«የማን ጭስ ነው?» ለሚለው ፍንጩ ሰዓቱ ነው። ንጋት ላይ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ጭሱን ያፍነዋል፤ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ግራፉ ቢወጣ ምጣዱና ሚኒባሱ ተደባልቀው ነው። የሥራ ቀኑን ከእሁድ ጋር ያስተያዩት፦ እሁድ መኪናው ይቀንሳል፣ ምድጃው አይቀንስም። (መስከረም 16 ደመራ ሲለኮስ የሚታየው ጫፍ ደግሞ የእንጨት ጭስ ምን እንደሚመስል ለመልመድ ጥሩ ነው።)

ድክመቱ አቧራ ላይ ነው። ሌዘሩ ትላልቅ ቅንጣቶችን በደንብ ስለማያይ የፒኤም 10 (እስከ 10 ማይክሮሜትር የሚደርሱ ቅንጣቶች) ዓምድ አይታመንም፤ በበጋ የኮረኮንቹ መንገድ ነፃ ሆኖ ይወጣል።

ምንጩን በትክክል የሚለየው ኬሚስትሪ ነው፦ በሌላ መሣሪያ አየሩ በማጣሪያ ውስጥ ይሳብና ማጣሪያው ላብራቶሪ ይላካል። ኳርትዝ ማጣሪያ ላይ ሌቮግሉኮሳን (እንጨት ሲነድ የሚፈጠር ኬሚካል) ከተገኘ እንጨት ነድዷል፤ ጥቁር ካርቦን ከበዛ ናፍጣ ይጠረጠራል፤ ቴፍሎን ማጣሪያ ላይ ሲሊከን፣ አሉሚኒየምና ካልሲየም አብረው ከወጡ አፈር ነው። ላብራቶሪው ውድ ስለሆነ ሁሉንም ማጣሪያ አይላኩ፤ የፒኤ 2ን ግራፍ አይተው ጫፍ የወጣባቸውን ቀናትና ለማነጻጸሪያ ጥቂት ጸጥ ያሉ ቀናትን ይምረጡ።