ቶሲል ክሎራይድ የምትገዙ፣ ብልቃጡን ሳታስከፍቱ ብር እንዳትከፍሉ

የኮሌጅ ላብ የምትመሩ መምህራን፣ ይቺን አንብቡልኝ። እኔ ተሸውጃለሁ፤ እናንተ እንዳትሸወዱ።

ለሂንስበርግ ቴስት፣ ማለትም አሚን የሚባሉትን የናይትሮጅን ውህዶች ፕራይመሪ፣ ሰከንደሪ ወይም ተርሸሪ ብሎ ለመለየት የሚሆን ቶሲል ክሎራይድ ከአንድ ኬሚካል ሱቅ ገዛሁ። ፋብሪካ ያሸገው አይደለም። ከትልቅ ዕቃ ተቀንሶ ቡናማ ብልቃጥ ውስጥ የተሞላ ነው። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ ስሙ ብቻ ተጽፏል። የተከፈተበት ቀን የለ፣ ባች ቁጥር የለ። ሻጩ «መምህር፣ ትናንት የገባ ነው» አለኝ። አመንኩት።

ተማሪዎቼ በሦስት ቴስት ቲዩብ አኒሊን፣ ሜቲል አኒሊንና ዳይሜቲል አኒሊን አዘጋጁ። በቅደም ተከተል ፕራይመሪ፣ ሰከንደሪ፣ ተርሸሪ አሚን መሆናቸው ነው፤ ናይትሮጅኑ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የካርቦን ቡድን አላቸው። ሪኤጀንቱን፣ ማለትም ቶሲል ክሎራይዱን፣ ከአልካሊው ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ጨምረው በደንብ ነቀነቁ። አኒሊኑ ሟሙቶ ጥርት ማለት፣ ኋላ አሲድ ሲጨመርበት ነጭ ዝቃጭ ማውጣት ነበረበት። ሰከንደሪው አልካሊ ውስጥ የማይሟሟ ጠጣር ይሰጣል። ተርሸሪው ዘይት እንደሆነ ይቀርና አሲድ ሲነካው ይሟሟል።

የእኛ ሦስቱም ዘይት ሆነው ቀሩ። አሲድ ስንጨምር ሦስቱም ሟሙ። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ሦስቱም ተርሸሪ ናቸው ማለት ነው?» ብላ ደብተሯ ላይ ልትጽፍ ስትል እጇን ያዝኩት። አኒሊን ፕራይመሪ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ የሞተው ሪኤጀንቱ ነው። የማናውቀውን አሚን ብቻ ብንፈትሽ ኖሮ ግን የተሳሳተ መልስ ይዘን ወደ ቤት እንሄድ ነበር። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶሲል ክሎራይድ እርጥበት ሲያገኘው ቀስ በቀስ ወደ ሰልፎኒክ አሲድ ይቀየራል። አሲዱ ደግሞ ከአሚን ጋር ሰልፎናማይድ፣ ማለትም ቴስቱ ላይ የምንጠብቀውን ውህድ፣ አይሠራም። ብልቃጡን ደግሜ ሳየው ዱቄቱ ረጥቦ ተጣብቋል። ሱቁ ውስጥ ብከፍተው ያኔውኑ አየው ነበር።

ስትገዙ ጓንት አድርጋችሁ ትንሽ ቁንጥር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጉ። ደህናው ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ከታች ቁጭ ይላል። ወዲያው ከሟሟና ሊትመሱን ክፉኛ ካቀላው፣ ትታችሁት ውጡ። ቢቻል የታሸገ ትንሽ ብልቃጥ ግዙ፤ ውድ ከሆነባችሁ ከጎረቤት ኮሌጅ ጋር ተካፈሉ። ስትከፍቱት ቀኑን ጻፉበት፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ካለበት ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት።

ልመልስ ብሄድ «ኬሚካል አይመለስም» ተባልኩ። ሻጩ «በምትኩ ክሎሮፎርም ልስጥህ፣ በካርቢላሚን ቴስት ሥራ» አለኝ። እንዳትቀበሉ። ያ ቴስት ፕራይመሪውን ብቻ ነው የሚለየው፤ ሰከንደሪና ተርሸሪን አይለይላችሁም። የሚወጣው ሽታ ደግሞ ክፉ ነው፣ መርዛማም ነው። ጭስ መሳቢያ በሌለው ላብ ተማሪ ፊት አይሠራም።

ብልቃጡን አልጣልኩትም። የሻጩን ጽሑፍ ሰርዤ «አሲድ» ብዬ ጽፌበታለሁ።