ከመንፈቅ በኋላ፦ ሁለተኛው ትውልድ ራቭ ፎር

እ.ኤ.አ. የ2003 ስሪት የሆነውን፣ ባለ 2.0 ሊትር ቤንዚንና አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለውን ባለ አምስት በር ቶዮታ ራቭ ፎር መያዝ ከጀመርኩ መንፈቅ አልፎኛል። አብዛኛውን ጊዜ የምነዳው አዲስ አበባ ውስጥ ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ግን ወደ ጎጃም እወጣበታለሁ። በኔ ግምት ይህን መኪና በትክክል ለመመዘን መጀመሪያ ለምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቶዮታ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1989 በቶኪዮ የመኪና ትርዒት ላይ አሳይቶ በ1994 ለገበያ ሲያቀርበው፣ እንደ ላንድክሩዘር ያሉት ፎር ባይ ፎሮች ቦዲያቸው እንደ ጭነት መኪና ራሱን በቻለ ሻንሲ ላይ የተጫነ ነበር። ራቭ ፎር ግን ቦዲውና ሻንሲው አንድ ወጥ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ጎማ ጉድጓዱን ለብቻው እንዲቀበል ተደርጎ፣ በቤት መኪና አሠራር ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሁለተኛው ትውልድም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል።

ውጤቱ ኮብልስቶን ላይ በግልጽ ይታወቃል፤ አንዱ ጎማ ሲመታ ሌላኛው ወገን እምብዛም አይናወጥም፣ መሪውም ሲዞር ቀላል ነው። በአንጻሩ ከባድ ማርሽ የሚባለው፣ ማለትም ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምረው ተጨማሪ ማርሽ፣ የለውም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስወርድ ካምቢዮውን ሁለተኛ ላይ አስሬ ሞተሩ እንዲይዘው አደርጋለሁ፤ ፍሬኑ ሳይግል ድልድዩ ጋ ይደርሳል። ወደ ደጀን ሲወጣ ግን፣ በተለይ አምስት ሰው ከነሻንጣው ከተሳፈረ፣ አቅሙ እንደሚያጥረው መደበቅ አይቻልም። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ በአንድ ሊትር ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል።

የኋላ ወንበሮቹ ተነቅለው ስለሚወጡ ብዙ ዕቃ ይይዛል። ስኮርት ጎማውን የተሸከመው የኋላ በር ግን ማጠፊያው በቀኝ በኩል ነው። ይህ በግራ ለሚነዳባት ጃፓን ተስማሚ ሲሆን፣ በቀኝ ለምንነዳው ለእኛ በሩ ሲከፈት ከእግረኛ መንገዱ ይጋርደናል፤ ከኋላ ተጠግቶ የቆመ መኪና ካለ ደግሞ ጭራሹኑ አይከፈትም። ወደ ላይ የሚነሣው በር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ በሆነው አራተኛው ትውልድ ነው።

ገዢዎች ብዙም የማይጠይቁት፣ ለኔ ግን ዋነኛው ጉዳይ የጎማው ነው። ኃይሉ ሁልጊዜ ወደ አራቱም ጎማዎች ስለሚሄድና የፊቱን ከኋላው የሚያስታርቀው የመሃል ዲፈረንሻል ስለሆነ፣ በእኛ አገር እንደተለመደው ሁለቱን ብቻ በአዲስ መቀየር፣ አዲሱና ያረጀው ጎማ መጠናቸው ስለሚለያይ፣ ዲፈረንሻሉን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እንዲህ ያሉ አሮጌ መኪኖች የሚገዙት ለረጅም ጊዜ ታስቦ ነውና፣ ከሻጩ ጋር ዋጋ ከመነጋገር በፊት ጎንበስ ብሎ የአራቱንም ጎማ ቁጥርና ጥርስ ማስተያየት ይበጃል።