ከውሃ ቁፋሮ ሥራ የወጣ ላንድክሩዘር ፒክአፕ፦ ከአራት ዓመት አገልግሎት በኋላ

ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ከጮቄ ተዳፋት የዘር ድንች፣ ከብቸና በኩል ደግሞ ጤፍ እያነሣ የሚሸጥ ነጋዴ የራሱ መኪና ሳይኖረው ብዙ ዘመን አይዘልቅም። እኔ አይሱዙ እየተከራየሁ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ በበጋ ደህና ነበር፣ ክረምት ሲገባ ግን ባለ መኪናዎቹ ከአስፋልት ለመውጣት አይፈልጉም፣ የሚፈልገውም ቢሆን የሚጠይቀው ኪራይ የድንቹን ትርፍ ይዞ ይሄድ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት፣ ያጠራቀምሁትንና ከዘመድ የተበደርሁትን አዳምሬ፣ ባለ አንድ ጋቢና ላንድክሩዘር ፒክአፕ በደላላ በኩል ገዛሁ። መኪናው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥር የጉድጓድ ውሃ ቁፋሮ ቡድንን ሲያገለግል የኖረ፣ ከዚያም በጨረታ የተሸጠ ሲሆን፣ እኔ የገዛሁት ጨረታውን ካሸነፈው ነጋዴ ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው 214 ሺህ ያሳይ ነበር። ለዚህ ዓይነት መኪና ቁጥሩ ብዙ ነው ስለማይባል ልቤ አረፈ፤ ስህተቴም የጀመረው እዚያው ላይ ነው።

ስለ መኪናው በጠቅላላው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ገጠር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። በተለምዶ «79» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ገበያ ላይ የዋለው ዓይነት ነው። ኮፈኑ ሥር ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ሲሆን፣ መካኒኮች በፋብሪካ መለያው «ዋን ኤች ዜድ» ይሉታል። ቱርቦ የለውም፤ የነዳጅ ፖምፓውም በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሳይሆን በሜካኒካል መንገድ የሚሠራ ስለሆነ፣ ሲታመም የሚያክመው ሰው ደጀንም ሞጣም ይገኛል። ጉልበቱ በባሕር ጠለል ላይ 130 ፈረስ ያህል ነው። ሆኖም ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗና አየሩም እዚህ ከፍታ ላይ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ሲያጥረው ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከደብረ ማርቆስ በረቡዕ ገበያ ከተማ በኩል ወደ ጮቄ ሲወጣ አሥር ኩንታል የጫነው መኪናዬ በሁለተኛ ማርሽ እያጉረመረመ ጥቁር ጭስ የሚያወጣው ከሕመም ሳይሆን ከዚሁ የተነሣ ነው። ይህን የማያውቅ ገዢ ጤነኛውን ሞተር ሊያስፈታ ይችላል።

አሁን ወደ ቆጣሪው ልመለስ። መኪናውን በገዛሁ በሦስተኛው ወር ዘይት መብላቱን አስተዋልሁ፤ በሺህ ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ያህል ይጎድል ነበር፣ ጠዋት ሲነሣም ሰማያዊ ጭስ ለጥቂት ደቂቃ ይታያል። መካኒኬ ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን ኖዚሎች ፈትቶ ሲያያቸው ጫፋቸው በጥቀርሻ ተለብጦ አገኘው። ምክንያቱ ግራ ቢገባኝ፣ ይህንኑ መኪና ከቁፋሮው ቡድን ጋር ለዓመታት ሲነዱ የነበሩ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ ሾፌር አማኑኤል ከተማ መኖራቸውን ሰምቼ ሄድሁ። «አያ፣ መኪናው ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ብቻ ነድቶ እንዴት ዘይት ይበላል?» ብላቸው፣ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ የሄደበትን ነው እንጂ ቆሞ ያደረበትን ቆጣሪ መቼ ይጽፍልሃል?» አሉኝ። ቁፋሮው ሌሊት ሲቀጥል ለሠራተኛው ብርሃን የሚሰጠው የዚህ መኪና መብራት ነበር፤ ባትሪው እንዳይወርድ ሞተሩ ከማታ እስከ ንጋት ሳይጠፋ ያድራል፣ ብርድ በሆነ ጊዜም ሰዎቹ ጋቢናው ውስጥ እየተፈራረቁ ይሞቃሉ። ናፍጣ ሞተር ያለ ጭነት በዝቅተኛ ዙር ለረጅም ሰዓት ሲሠራ ሙቀቱ በበቂ ሁኔታ ስለማይነሣ፣ ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል ይቀርና ጥቀርሻው ኖዚሉን ይለብጣል፣ ዘይቱን ያጠቁራል፣ የሲሊንደሩንም ግድግዳ እንደ መስታወት አለስልሶ ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ዘይት እንዳይጠርጉ ያደርጋል። ቆጣሪው 214 ሺህ ያለው እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ የሠራው ሰዓት ሲሰላ የብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር መንገደኛ ነበር።

ስለዚህ የሥራ መኪና የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳ ሳይሆን ምን ሲሠራ እንደኖረ ነው። ለግብርና ባለሙያ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ሲመላለስ የኖረ መኪና 300 ሺህ ቢነዳ፣ ካምፕ ውስጥ ሲያጓራ ካደረው 200 ሺህ ይልቅ ይሻለኛል። እኔ መኪናውን ላየው የሄድሁ ቀን ሞተሩ አስቀድሞ ሞቆ ነበር የጠበቀኝ፤ ደላላው «አንተን ለመቀበል ብለን ነው» ሲለኝ እንደ አክብሮት ቆጠርሁት። ዛሬ ቢሆን ኮፈኑን በእጄ ዳስሼ ከሞቀ ለነገ ጠዋት ቀጠሮ እይዝ ነበር፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ሲነሣ የሚያወጣውን ጭስ አይቼ፣ እንደተነሣም የዘይቱን መክፈቻ ክዳን አላቅቄ ከውስጥ የሚተነፍሰውን እለካ ነበር። ክዳኑን የሚያነጥር ትንፋሽ ካለ፣ ፋሻው አብቅቷል ማለት ነው። የእኔው እዚያ ደረጃ አልደረሰም፤ ኖዚሉ ተጠግኖ፣ ዘይትና ፊልትሮ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትር እየተቀየረ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጭነት ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ በደንብ ስለሚሞቅ፣ የሚበላው ዘይት በዓመቱ በግማሽ ቀነሰ።

የሞተሩን ያህል ያላሰብሁት ነገር ሻንሲው ነበር። የቁፋሮ ቱቦ ረጅም ስለሆነ ከጋቢናው በላይ በብረት መደርደሪያ ተጭኖ ኋላው ከካሶኒው አልፎ ይንጠለጠላል፤ ያ ክብደት በኮረኮንች ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሲወዛወዝ ሻንሲውን ከጋቢናው ጀርባ፣ ካሶኒው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ለመስበር ይሞክራል። በሰባተኛው ወር ጋቢናውና ካሶኒው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እየሰፋ ከታች እየጠበበ መምጣቱን አየሁ፣ ካሶኒውን አስነሥተን ስንፈትሽም በግራው ብረት ላይ ጣት የማያስገባ፣ ግን ምላጭ የሚያስገባ ስንጥቅ ተገኘ። ከላዩ ስቱኮ ተደርጎ ጥቁር ቀለም ተቀብቶበት ነበር። ማን እንደሠራው አላውቅም፣ እየደበቀ መሆኑን ግን ያውቅ ነበር። በብየዳና ከውስጥ በተደረበ ወፍራም ብረት አስጠገንሁት፤ ለሥራው የከፈልሁት መኪናውን ስገዛ ተከራክሬ ካስቀነስሁት ዋጋ በለጠ። ክፍተቱን ከመግዛቴ በፊት በዓይኔ ብለካው ኖሮ በነጻ የማገኘው እውቀት ነበር።

ሦስተኛው ትምህርቴ የዓባይ በረሃ ነው። ጤፍ ጭኜ ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሄድሁበትን የመጀመሪያ ጉዞ አልረሳውም። መንገዱ ከደጀን አፋፍ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ወደ ድልድዩ ይወርዳል፤ እኔም የሞተሩን ጉልበት ተማምኜ በአራተኛ ማርሽ፣ ፍሬን እየረገጥሁ እወርድ ነበር። ግማሽ ላይ ስደርስ ፔዳሉ ሰመጠ። ፈጥኜ ወደ ሦስተኛ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛ ማርሽ በማስገባቴ ሞተሩ ያዘውና ዳር ይዤ አቆምሁ። በኋላ ሲታይ የፍሬን ዘይቱ ለዓመታት ሳይቀየር ውሃ ጠጥቶ ነበርና፣ ሲግል ፈልቶ አረፋ ሆኖ ነው ኃይል ያጣው። መሥሪያ ቤቱ መኪናውን የሚጠቀምበት ሜዳ ላይ ስለነበር ጉድለቱ ሊታወቅ አልቻለም። ገዢ ሁሉ ከመጀመሪያው ረጅም ቁልቁለት በፊት የፍሬን ዘይቱን አስቀይሮ ሸራውንም ቢያስፈትሽ ይሻላል። ከዚሁ ጋር የሞተሩን ቺንጊያ (የቫልቮቹን አከፋፈት የሚያዘውን ጥርስ ያለው ቀበቶ) ማስቀየር ግድ ነው፤ ከ100 እስከ 150 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላው መቀየር ያለበት ሲሆን፣ ከተበጠሰ ቫልቮቹን አጣሞ ሞተሩን ያስወርዳል። «ተቀይሯል» የሚል ቃል ያለ ደረሰኝ አይታመንም፤ እኔ በገዛሁ ሳምንት አስቀየርሁት፣ አሮጌው ጥርሱ ተሰነጣጥቆ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለምን አልሸጥኸውም የሚለኝ ካለ፣ ነሐሴ ላይ ወደ ድጓ ጽዮን ከእኔ ጋር ይምጣ። ዋልካው ጎማውን እንደ ሊጥ ሲጠቀልለው፣ ወርጄ የፊት ጎማዎቹን ማያያዣ በእጄ አዙሬ፣ ሪዶታ (ዝቅተኛውን የጉልበት ማርሽ) አስገብቼ ነዳጅ ሳልሰጥ ስለቀው፣ መኪናው እንደ በሬ ቀስ ብሎ ይወጣል። ጎማው 750 በ16፣ ባለ ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ ያለው) ነው፤ ትንሽ ገበያ ላይ ያለ ጎሚስታ በሁለት ብረት ፈትቶ ይለጥፈዋል። አራት ክረምት ሙሉ ድንች መንገድ ላይ አልበሰበሰብኝም።

ምቾት የሚፈልግ ሰው ግን ይራቀው። ኋላው በባሌስትራ የተሸከመ ስለሆነ ባዶውን ሲሄድ ኮረኮንች ላይ እንደ ፍየል ይዘላል፤ ባለቤቴ ባሕር ዳር ድረስ አንድ ጊዜ አብራኝ ሄዳ ስትመለስ በአውቶቡስ መጥታለች። ስምንት ኩንታል ሲጫንበት ነው ሰው የሚሆነው። ናፍጣው አስፋልት ላይ በሊትር 8 ኪሎ ሜትር፣ ተጭኖ ተራራ ላይ ደግሞ 6 ያህል ያስኬደኛል። የነዳጅ ታንከሩ 130 ሊትር የሚይዝ መሆኑ ወረፋ በበዛበት ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። ከበርሜል የሚሸጥ ናፍጣ መጠቀም ግዴታ ሲሆን ግን ከፊልትሮው ሥር ያለውን የውሃ ማፍሰሻ በየሳምንቱ መክፈት ያስፈልጋል፤ ውሃ ፖምፓውን ከገደለው ወጪው ሌላ ነው። መለዋወጫ ደብረ ማርቆስ ይገኛል፣ እዚህ የጠፋው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አይጠፋም።

ሰነድን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ኮድ 4 (የመንግሥት) የነበረ መኪና ወደ ኮድ 3 (የንግድ) ሲዞር ከጨረታው ሰነድ እስከ ሊብሬው ያለው ሰንሰለት አንዲት ወረቀት ከጎደለው ሥራው ይቆማል፤ መኪናው ያለ ቀረጥ የገባ ከነበረም ቀረጡ መከፈሉ አስቀድሞ መጣራት አለበት። የእኔው ሁለት ወር ፈጀ። የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን ገንዘብ ከመክፈል በፊት በባትሪ ብርሃን ማየት ለአምስት ደቂቃ መጎንበስ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

በሩ ላይ የነበረው የመሥሪያ ቤቱ ምልክት ተልጦ ቢወገድም፣ ቀለሙ ሥሩ ስላልነጣ የክብ ጥላው ዛሬም በግልጽ ይታያል። በስናን ቀበሌዎች ስቆም እናቶች እንስራቸውን እንዳዘሉ መጥተው «ጉድጓዱ መቼ ይቆፈርልናል?» ይሉኛል፤ ድንች ነጋዴ ነኝ ስላቸው የሚያምነኝ የለም። የመኪና አካል የሚጠግነው ባትላሜራ በሩን አስቀባ እያለ ይወተውተኛል። እኔ ግን እምቢ ብያለሁ፤ ያ ቀለም የፋብሪካው ነው፣ ሥሩ ስቱኮ እንደሌለ ማንም ያየዋል፣ አንድ ቀን መኪናውን የሚገዛኝ ሰውም ምን ሲሠራ እንደኖረ ከበሩ ላይ ያነብበዋል።