«የ1906 ኦሪጂናል» እየተባለ የሚሸጠውን የበርት ዊሊያምስ ምስል እንዳትገዙ

ዋሽንግተንና አካባቢው ያላችሁ ወገኖች፣ በተለይ ሬስቶራንትና ካፌ ያላችሁ፣ ይህችን አንብቡልኝ። ሰውየው አሁንም እየሸጠ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ዕቃውን ግን ስታዩት ትለዩታላችሁ።

የሚሸጠው የበርት ዊሊያምስ የታተመ ምስል ነው። ቡናማ መልክ አለው፣ ጠርዙ የተበላ ይመስላል፣ ከታች ፊርማ አለበት። ዊሊያምስን ለማታውቁት፣ ባሃማስ ተወልዶ ኒው ዮርክ መድረክ ላይ ስሙ የገነነ ጥቁር ኮሜዲያንና ዘፋኝ ነው፤ በ1922 አረፈ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። ራሱ ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ የዘመኑ ልማድ ነውና፣ ፊቱን በተቃጠለ ቡሽ እያጠቆረ ነበር መድረክ የሚወጣው። እሱን ሳስብ ሁሌም ይከነክነኛል። የእኛ ሰው የሚደነግጥለት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ከአድዋ 10 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1906፣ ከባልደረባው ከጆርጅ ዎከር ጋር ኒው ዮርክ ማጀስቲክ ቲያትር ላይ «አቢሲንያ» የሚባል የሙዚቃ ቲያትር አሳይቷል። ከካንሳስ የተነሡ ጥቁር አሜሪካውያን በሎተሪ ገንዘብ ምኒልክ አገር ድረስ ሄደው የሚገጥማቸውን የሚያሳይ ኮሜዲ ነው።

ሻጩ ይህን ታሪክ ከእኔ በላይ አሳምሮ ያወራዋል። «ምኒልክ» ሲል እኔ ቀለጥኩ። ለአጎቴ 70ኛ ዓመት ስጦታ እየፈለግሁ ነበር፤ ጋሼ ወጣትነቱን ቲያትር ቤት ደጃፍ የጨረሰ ሰው ነው። «ወንድሜ፣ ለፈረንጅ 600 ነው የምለው፣ ላንተ ግን 380 ዶላር ይሁንልህ» አለኝ። ገንዘቡንም «ኮሚሽን እንዳይበላን» ብሎ ለቤተሰብና ለወዳጅ በሚላክበት መንገድ አስላከኝ። እንዲህ የተላከ ገንዘብ ለገዢ ዋስትና እንደሌለው ያወቅሁት ከተላከ በኋላ ነው። በክሬዲት ካርድ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ባንኬ ዘንድ ክፍያውን መቃወም እችል ነበር።

ዕቃው በሳምንቱ ደረሰ። አብሮት ወርቃማ ማኅተም ያለበት «የእውነተኛነት ምስክር ወረቀት» አለ። መስካሪው ማን እንደሆነ ግን የትም ቦታ አልተጻፈም።

ጉዱ የወጣው ፍሬም ሠሪው ጋ ነው። ከተዋናዩ ግራ ጆሮ ሥር ተነሥቶ እስከ ትከሻው የሚወርድ ነጣ ያለ እጥፋት አለ፣ ወረቀቱ እዚያ ጋ የተሰነጠቀ የሚመስል። ሽማግሌው አውራ ጣቱን አሳለፈበት። ደገመው። ከዚያ «እስኪ አንተም ንካው» አለኝ። እንደ መስታወት ለስላሳ ነው። ወረቀቱ ታጥፎ አያውቅም፤ የእጥፋቱ ፎቶ ነው የታተመው! ገልብጠን ጀርባውን አየን፣ አንድም መስመር የለም። ፊርማውም እንደዚያው፤ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ያረፈ ሳይሆን የምስሉ አካል ነው።

ቀጥሎ ወርቅ ሠሪዎች የሚይዟትን 10 እጥፍ የምታጎላ ትንሽ መነጽር አቀበለኝ። ቡናማ የመሰለኝ ጉንጭ ውስጥ ሰማያዊ፣ ሮዝና ቢጫ ነጥቦች እንደ አቧራ ተረጭተዋል። እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ፣ ነጥብ ስላያችሁ ብቻ ሐሰተኛ ነው አትበሉ፤ በ1906ም ፎቶግራፍ በረድፍ በተሰለፉ ነጥቦች ይታተም ነበር። በድንጋይ የታተመ ከሆነ ደግሞ ጥላው በጠመኔ እንደተሣለ ሻካራ ሆኖ ይታያል። ባለ አንድ ቀለም በሚመስል ምስል ውስጥ እንዲህ የተረጨ ባለ ብዙ ቀለም ነጥብ ካያችሁ ግን ከኮምፒውተር ፕሪንተር የወጣ ነው።

የወረቀቱ ቡናማነትም ከፊትም ከኋላም፣ ከመሀልም ከዳርም አንድ ዓይነት ነው። ፍሬም ውስጥ 100 ዓመት የኖረ ወረቀት ብርሃን ያገኘው ቦታና የተሸፈነው ጠርዙ መልካቸው ይለያያል፤ ይሄ ሻይ ውስጥ የተነከረ ነው የሚመስለው። ፍሬም ሠሪው የብር ኖት በሚመረመርባት ወይን ጠጅ መብራት ጀርባውን ሲያበራበት፣ ቡናማው በሳሳበት ቦታ ሁሉ ወረቀቱ እንደታጠበ ነጭ ሸሚዝ ቦግ አለ። ወረቀትን እንዲህ የሚያበራው ኬሚካል የተለመደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። (መብራቱ ላይ ስላልበራ ብቻ ግን የድሮ ነው ማለት አይደለም፤ ዛሬም ያለ ኬሚካሉ የሚሠራ ወረቀት አለ።)

ለሻጩ ደወልኩለት። «ኦሪጂናል ፕሪንት ነው ያልኩህ እኮ፣ ፕሪንት ነው፤ ምን ዋሸሁ?» አለኝ። ማስታወቂያውን እንደገና ሳነበው በእርግጥም ከሥር በደቃቅ ፊደል «ቪንቴጅ ስታይል፣ ጂክሌ» ይላል። «ስታይል» ያለበት ዕቃ የድሮ አይደለም፣ የድሮ መሳይ ነው። «ጂክሌ» ደግሞ ለፕሪንተር ሕትመት የወጣለት የክት ስም ነው። እኔ ግን ስልክ ላይ «የ1906 ነው» ያለኝን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ በጽሑፍ አልያዝኩትም። እናንተ ዓመቱንና የሕትመቱን ዓይነት በጽሑፍ አስልኩት፤ እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ቅጂ መሸጥ በራሱ ወንጀል አይደለም። የዚያ ዘመን ሕትመት እዚህ አገር የቅጂ መብቱ አልቋል፤ የዊሊያምስን ፎቶዎች ከኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የዲጂታል ክምችት ላይ ማየት ትችላላችሁ፤ እዚያ ነጻ የተባለውን አውርዳችሁ ጥሩ ወረቀት ላይ ብታሳትሙ ዋጋው ከዚህ በብዙ ያንሳል። ለጋሼም በመጨረሻ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ቅጂ መሆኑን ነግሬው ሰጠሁት፣ ሳሎኑ ላይ ሰቅሎታል።

ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሪፖርት አድርጌያለሁ። ገንዘብ አስመላሾች አይደሉም፣ መዝገብ ላይ ግን ይግባ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ያው ሰው አዲስ ማስታወቂያ አውጥቶ አየሁ፤ አሁን «የ1903» ሆኗል፣ ዋጋውም 450 ዶላር ገብቷል። ፎቶውን ሰፋ አድርጌ አየሁት፤ እጥፋቱ ከግራ ጆሮው ሥር ተነሥቶ እስከ ትከሻው ይወርዳል።