ቱሉ ጉዶን ላሳየን አስጎብኚ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ከአዲስ አበባ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ለሚፈልግ፣ በተለይ ወላጆቹን ይዞ ለሚጓዝ ሰው አንድ አስጎብኚ ልጠቁም። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው የሚሠራው። እኔን፣ እናቴንና አክስቴን ዝዋይ ሐይቅ ላይ ያለችውን የቱሉ ጉዶ ደሴት አሳይቶን ማታ በራችን ድረስ አደረሰን። እግዚአብሔር ይስጠው!

ገና ስንደውልለት የጠየቀን "ማዘር ዳገት ይችላሉ? የሚጾም አለ?" ብሎ ነው። እኛ ዓርብ ብለን ነበር። "ዓሣውን ሳይቀምሱማ አይመለሱም፣ ቅዳሜ ይሁን" አለ። የመኪናውን፣ የጀልባውንና የምሳውን ዋጋ ለያይቶ በቴሌግራም ላከልን። ከዚያ በላይ አንዲት ብር አልጠየቀንም። በሌላ ጉዞ ቦታው ከደረስን በኋላ "ጀልባው ለብቻ ነው" ተብለን ስለምናውቅ ይህን በጣም ወደድንለት።

ጀልባው ጋ እናቴን ላይፍ ጃኬቱ ከነጠላዋ ጋር አልመች አላት። ነጠላዋን ተቀብሎ አጣጠፈና ላስቲክ ውስጥ ከተተው። የጃኬቱን ማሰሪያ ራሱ አጠበቀላት። ገዳሙ ጋ ስንደርስ ነጠላዋን ደረቅ እንዳለ አውጥቶ ሰጣት። እናቴ እስካሁን የምታወራው ይህንን ነው።

ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን ታሪኩን ለባለቤቶቹ መተዉ ነው። ደሴቷ የዛይ ሕዝብ መኖሪያ ናት። ዛይኛ ሴማዊ ቋንቋ ነው፣ ለስልጥኛና ለሐረሪ ቅርብ ነው። በዮዲት ጉዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሸሽተው እዚህ እንዳቆዩት ይተረካል። ይህንን የነገሩን የደሴቷ ተወላጅ የሆኑ አንድ አባት ናቸው። ማርያም ጽዮን ገዳም ያሉትን የብራና መጻሕፍት እያየን አክስቴ ጥያቄ ታዥጎደጉድ ነበር፤ እሳቸውም ሳይሰለቹ መለሱላት። አስጎብኚያችን ዝም ብሎ ያዳምጣል። ስንት አስጎብኚ አለ፣ ባለቤቱ ቆሞ እያለ እሱ የሚያወራ!

ምሳም የበላነው እዚያው ደሴቷ ላይ፣ ሰው ቤት ነው። ጠዋት የተያዘ ቆሮሶ ዓሣ ከነጭንቅላቱ ጎኑ ተበጣጥቶ፣ ጥርት ብሎ ተጠብሶ መጣ። ዳጣና እንጀራ አለ። አጥንቱን እየለቀምን ዝም ብለን በላን። የምሳውንም ገንዘብ አስጎብኚያችን በእኛ ፊት ለቤቱ እመቤት ሰጣት። ገንዘባችን ደሴቷ ላይ ለሚኖሩት ሲደርስ ማየት ደስ ይላል።

ልትሄዱ ካሰባችሁ የማይንሸራተት ጫማ አድርጉ፣ ኮፍያ ያዙ። ሐይቁ ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ሴቶች ለገዳሙ ነጠላ አትርሱ። ስልኩን እንዲህ በአደባባይ መለጠፍ ስላልፈለግሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄው እሰጣችኋለሁ።